የተፋጠነ ትምህርት ለማን ነው?

ትምህርት አቋርጠው የቆዩ ወጣቶች ልመለስ ሲሉ የፕሮግራሞቹ ስም ግራ ያጋባቸዋል። የማጠናከሪያ፣ የማካካሻ፣ የተፋጠነ ይባላል። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

የማጠናከሪያው አሁንም ክፍል ውስጥ ላለ ተማሪ ነው፤ ከመደበኛው ጎን ለጎን ይሰጣል። የማካካሻው በጦርነት፣ በጎርፍ ወይም በወረርሽኝ ምክንያት ትምህርቱ ለአጭር ጊዜ ለተቋረጠበት ነው። ያመለጠውን ይሸፍንና ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ከ4ኛ ክፍል ወጥታ አሁን 17 ዓመት የሞላት ልጅ ግን ሁለቱም አይሆኗትም። ከ10 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጪ ቢሏት በሳምንቱ ትጠፋለች፤ ማን ይፈርድባታል? ለእሷ የሚሆናት የተፋጠነው ነው። ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመቱን ትምህርት በአንድ ዓመት ያስጨርሳል። ታዲያ መምህሩ ስለሚሮጥ አይደለም። ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ቅድሚያ ያገኛሉ፤ ድግግሞሹ ይቀነሳል። ደግሞም ገበያ ላይ መልስ ስትቆጥር የኖረች ልጅ መደመርና መቀነስን ከዜሮ አትጀምርም። ሰዓቱም ከሥራዋ ጋር እንዳይጋጭ ተደርጎ ይወጣል (መውጣት አለበት ለማለት ነው)።

የድሮው ካርድ ከጠፋ የምደባ ፈተና (የሚገባበትን ክፍል የሚለይ) ይኖር እንደሆነ ይጠየቅ። ከሁሉም በላይ ግን ከመመዝገብ በፊት ይህ ይጣራ፦ መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን ሰርተፊኬት የትምህርት ባለሥልጣኑ ዕውቅና ይሰጠዋል ወይ? ዕውቅና ካልሰጠው ቀጣዩ ክፍል ላይ ላያስመዘግብ ይችላል። «እሱን በኋላ እናያለን» የሚል መልስ ከተሰጠ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።