በጀልባ ላይ «ጄት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ፣ ስለ ፈጣን ጀልባ ሲወራ «ጄት» የሚለው ቃል ከአውሮፕላን ሞተር ጋር ሲምታታ ይሰማል። ነገሩ ግን በመሠረቱ የውሃ ፓምፕ ነው፤ ኒውዚላንዳዊው ቢል ሃሚልተን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥልቀት ለሌላቸው ወንዞች ያዳበረው ይህ ስልት፣ በጀልባው ሆድ ባለ ቀዳዳ ውሃ ስቦ፣ በሚሽከረከሩ ክንፎች አፍጥኖ፣ ከኋላ በጠባብ አፈሙዝ ይተፋዋል። ጀልባውን ወደፊት የሚነዳው የተተፋው ውሃ ከኋላ ያለውን ሐይቅ ስለሚገፋ ሳይሆን፣ ውሃው ሲፈጥን በፓምፑ ላይ የሚያሳድረው አጸፋ ነው፤ ስለዚህም አፈሙዙ ከውሃው በላይ ቢሆን እንኳ ይሠራል።

መሪውም ወደ ጎን የሚዞረው ያው አፈሙዝ በመሆኑ፣ ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን የለቀቀ ነጂ፣ የሚተፋው ውሃ ስለሚዳከም፣ ጀልባውን መጠምዘዝ ያቅተዋል።

ሆዱ እንደ «ቪ» ፊደል የሾለ ጀልባ ማዕበል ሰንጥቆ ለማለፍ ይመቻል፤ ሆኖም ከውሃው ሲዘል የውሃ መሳቢያው ቀዳዳ አየር ከዋጠ፣ ፓምፑ በባዶ ይሽከረከርና ግፊቱ ወዲያው ይጠፋል። በእኔ ግምት ግን በጣና ላይ ዋናው ፈተና እምቦጭ ነው፤ ውጭ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ስለሌለ አረም አያስቸግረውም የሚል ሰው፣ የመሳቢያው ፍርግርግ በሥርና በቅጠል ሊደፈን መቻሉን ልብ አላለም።