ለካንሰር ታካሚዎች የሚሰጠው ዮጋና ማይንድፉልነስ ምንድን ነው?

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያሉ በርካታ የካንሰር ሕክምና ማዕከላት ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴሎችን የሚያጠቃ መድኃኒት) ወይም የጨረር ሕክምና የጀመረ ታካሚ ከሕክምናው ጎን ለጎን ዮጋና ማይንድፉልነስ እንዲለማመድ ይጋብዛሉ። እንዲህ ያለ ግብዣ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰው ሰው፣ በተለይ በስደት አገር ሆኖ ነገሩን በቋንቋው የሚያስረዳው ባለሙያ ያላገኘ፣ «መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ይሆን?» ሲል ሊሰጋ፣ አለዚያም በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል ነገር የተገኘ ሊመስለው ይችላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ዮጋም ሆነ ማይንድፉልነስ የካንሰር ሴል አይገድልም። የሚያግዙት በሽታውና ሕክምናው የሚያስከትሉትን ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ለማቅለል ነው፤ ይህም ሌሊቱን ሳይተኛ ለሚያነጋ ታካሚ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማይንድፉልነስ በዚህች ቅጽበት የሚሆነውን ነገር፣ መልካም ነው ክፉ ነው ሳይሉ፣ ሆን ብሎ የማስተዋል ልምምድ ነው። መነሻው የቡድሂዝም ተመስጦ ሲሆን፣ ወደ ሆስፒታል በሰፊው የገባው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ በሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ ነው። ሥልጠናው ስምንት ሳምንት የሚወስድ ሲሆን፣ ሠልጣኙ ትንፋሹን መከታተል፣ ተጋድሞ ከእግር ጣቱ እስከ ራሱ የየአካሉን ስሜት በየተራ ማስተዋል፣ እንዲሁም ቀለል ያለ ዮጋ ይማራል። የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ ታካሚ አእምሮው ገና ወዳልደረሰው ክፉ ዜና ደጋግሞ ይሮጣል። ልምምዱ «ይህን ሐሳብ በግድ አባርር» አይለውም፤ ፍርሃት መምጣቱን አስተውሎ፣ ሳይከራከረው ወደ ትንፋሹ እንዲመለስ፣ ሐሳቡ እንደገና ሲሄድም እንደገና እንዲመለስ ያስተምረዋል። ፍርሃቱ ላይጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አይገዛውም።

ይህን ሥልጠና ለካንሰር ታካሚዎች በሚስማማ መልክ በማዘጋጀት ረገድ በካናዳ የካልጋሪ ከተማ ተመራማሪዎች ማይክል ስፔካና ሊንዳ ካርልሰን ቀዳሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ታካሚዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሲያነጻጽሩ፣ ሥልጠናውን የወሰዱት ገና ተራቸውን ከሚጠባበቁት ይልቅ የስሜት መረበሻቸውና ጭንቀታቸው ጎላ ባለ መጠን ቀንሶ አግኝተዋል።

ለታካሚዎች የሚሰጠው ዮጋ ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ እንደምናየው በጭንቅላት መቆምና መተጣጠፍ አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም በትራስ ተደግፎ የሚሠራ፣ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ፣ ጥልቅ አተነፋፈስና ዕረፍት ያለበት ልምምድ ነው። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ካረን ሙስቲያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ሕክምናቸውን ጨርሰው እንቅልፍ ያስቸገራቸውን 410 ሰዎች ያካተተ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት ዮጋ የሠሩት እንቅልፋቸው ከሌሎቹ በተሻለ ተስተካክሏል፤ የእንቅልፍ መድኃኒት አጠቃቀማቸውም ቀንሷል።

ስለ ድካሙ ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ካንሰርና ሕክምናው የሚያመጡት ድካም ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ቤተሰብ ግን ከፍቅር የተነሣ «አንቺ አትነሺ፣ እኛ እናደርገዋለን» እያለ በሽተኛዋን አልጋ ላይ ያውላታል። ቀኑን ሙሉ መተኛት ጡንቻን ያሳሳል፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ያውካል፣ ድካሙንም ያባብሰዋል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 200 የጡት ካንሰር ሕክምና የጨረሱ ሴቶችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ለ12 ሳምንት ዮጋ የሠሩት ሴቶች ልምምዱ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ ድካማቸው ካልሠሩት ያነሰ ነበር፤ በደማቸው ውስጥ የሰውነት መቆጣትን (ኢንፍላሜሽንን) የሚያመለክቱ ንጥረ ነገሮችም ቀንሰው ተገኝተዋል።

ማስረጃው ለሁሉም እኩል እንዳልሆነ ማወቅ ተገቢ ነው። የዮጋ ጥናቶች አብዛኛዎቹ የተሠሩት የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከሌላ የሙያ ማኅበር ጋር ያወጣው መመሪያም ለጭንቀትና ለድብርት ማይንድፉልነስን በሕክምና ላይ ላሉም ለጨረሱም ታካሚዎች በጠንካራ ቃል ሲመክር፣ ዮጋን ግን ለጡት ካንሰር ታካሚዎች ብቻ፣ ያውም በላላ ቃል ይጠቅሳል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚያነሡት የሃይማኖት ጥያቄም በአክብሮት ሊታይ ይገባዋል። ዮጋ ከጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖታዊ ወግ የመጣ ነው። በሆስፒታል የሚሰጠው በአብዛኛው ከአምልኮ ተለይቶ እንቅስቃሴና አተነፋፈስ ብቻ ይዞ የቀረ ቢሆንም፣ ኅሊናው ያልፈቀደለት ታካሚ እንቢ ቢል የሚያስወቅሰው ነገር የለም። ቀላል የእግር ጉዞና ሌላ የአካል እንቅስቃሴም ድካምን በማቅለል የታወቀ ነውና፣ ዮጋን ትቶ በዚህ መንገድ ሊረዳ ይችላል።

አደጋው ያለው እነዚህን ልምምዶች በሕክምናው ቦታ መተካት ላይ ነው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው የተለመደውን ሕክምና በመተው አማራጭ የሚባለውን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ሕክምናውን ከወሰዱት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የመሞት ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ ልምምዱን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የካንሰር ሐኪሙን ያማክር። ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሠራጨበት ሰው ወገብን የሚያጥፍና የሚጠመዝዝ እንቅስቃሴ አጥንቱን ሊሰብረው ይችላል። ፕላትሌቱ (ደምን የሚያረጋው የደም ክፍል) ዝቅ ያለበት ሰው ቢወድቅ ደሙ በቀላሉ አይቆምም፤ ነጭ የደም ሴሉ ያነሰ ደግሞ ኢንፌክሽን እንዳይዘው ሰው ከተሰበሰበበት ክፍል ርቆ በቤቱ ቢሠራ ይሻለዋል። ኬሞቴራፒው እግሯን ያደነዘዛት ሴት በአንድ እግር አትቁም፤ ግድግዳ ወይም ወንበር ትያዝ። ከብብቷ ሥር የሊምፍ ዕጢ (ንፍፊት) በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ክንዷን በጥቂት በጥቂቱ ታንሣ፣ እብጠት ካየችም ለሐኪሟ ትንገር። ክፍሉ ሆን ተብሎ በሚሞቅበት የዮጋ ዓይነት በሕክምና ላይ ያለ ሰው ባይገባ ይመረጣል። አሠልጣኙም ካንሰር ታካሚዎችን በማሠልጠን ልምድ ያለው መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም፤ የጤናውን ሁኔታ ሳይጠይቅ ሁሉንም አንድ ዓይነት የሚያሠራ ከሆነ ሌላ መፈለግ ይሻላል።