የትራፍል ዘይትና ዘመዶቹ በቤት ማዕድ

የትራፍል ዘይት የሚጠራው ትራፍል በተባለው ከመሬት በታች በሚያድግ የእንጉዳይ ዘመድ ነው፤ ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ሥራው የቅመም ነው። ሽንኩርት አይቁላላበትም፣ ድንች አይጠበስበትም። ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጠብ ጠብ ተደርጎ የሚጨመር መዓዛ ነው፤ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። የትራፍል ጨው፣ የትራፍል ቅቤ፣ የትራፍል ማር፣ ትራፍል የገባበት አይብና ጣሊያኖች ታርቱፋታ የሚሉት የእንጉዳይ ድቁስ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ በተራ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሳይቀር ይገኛሉ። ቸኮሌት ትራፍል የሚባለው ጣፋጭ ግን ከቤተሰቡ ውጭ ነው። ክብ ቅርጹና በላዩ የተነሰነሰው የካካዎ ዱቄት አፈር የለበሰ ትራፍል ስላስመሰለው በስሙ ተጠራ እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም።

ትራፍል ከመሬት በታች፣ ከባሉጥና ከሃዝልነት ዛፎች ሥር ጋር ተሻርኮ የሚያድግ የእንጉዳይ ዘመድ ነው። ዛፉ ስኳር ይሰጠዋል፤ እርሱ ደግሞ ከአፈሩ ውኃና ማዕድን እየሳበ ለዛፉ ያቀብላል። ሌላው እንጉዳይ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል። ትራፍል ግን የተቀበረ ስለሆነ እንስሳት በመዓዛው ተስበው ቆፍረው እንዲበሉትና ዘሩን ራቅ አድርገው እንዲበትኑለት ይጠብቃል። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት አሳማንም ሆነ ውሻን ወደ ጥቁሩ ትራፍል የሚመራቸው ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ የሰልፈር ውህድ መሆኑን አሳይቷል። በድሮ ጊዜ ፈላጊዎች በአሳማ ይጠቀሙ ነበር፤ አሳማው ግን መሬቱን ይገለብጣል፣ ያገኘውንም ይበላዋል። ጣሊያን በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ፍለጋው በሠለጠነ ውሻ እንዲሆን ደንግጋለች። የጣሊያን የትራፍል ፍለጋ ዕውቀት በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

በወጥ ቤት ስማቸው የገነነው ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ነጩ፣ በሳይንስ ስሙ ቱበር ማግናቱም፣ በሰሜን ጣሊያን በፒየሞንቴ ግዛት በአልባ ከተማ ዙሪያና በክሮኤሺያዋ ኢስትሪያ ከመጸው ወራት ጀምሮ ይወጣል። እሳት ፈጽሞ አይነካውም፤ በትኩስ ፓስታ ወይም እንቁላል ላይ ጥሬውን በስሱ ይላጋል። ጥቁሩ፣ ቱበር ሜላኖስፖሩም፣ በፈረንሳዩ ፔሪጎር አካባቢ ስም የፔሪጎር ትራፍል ይባላል። በአውሮፓ የብርድ ወራት የሚወጣ ፍሬ ነው፤ ለስላሳ ሙቀት ይችላል፤ ዛሬ ግን በስፔን ቴሩኤል አውራጃ ዛፉ ለእርሱ ሲባል በሰፊው ይተከላል። ከሁለቱ ዝቅ ያለው፣ በአውሮፓ የሙቀት ወራት የሚወጣው የበጋ ትራፍል፣ ቱበር ኤስቲቩም፣ ርካሽና መዓዛው ደከም ያለ ነው። በብልቃጥና በጨው ውስጥ የሚታዩት ቁርጥራጮች በአብዛኛው የእርሱ ናቸው። የነጩን ዋጋ ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል፦ በ2007 እ.ኤ.አ. የማካዎው የቁማር ቤቶች ባለሀብት ስታንሊ ሆ 1.5 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አንድ ትራፍል በጨረታ 330,000 ዶላር ከፍለዋል።

በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኩዌት ወይም በኤምሬትስ የኖረ አንባቢ ፈግዕ ወይም ከማ የሚባለውን ያውቅ ይሆናል። እርሱ የበረሃ ትራፍል ነው፤ ከዝናብ በኋላ ከአሸዋው ሥር ይወጣል። ዝምድናው ግን ሩቅ ነው። አሸዋው በጥንቃቄ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ እንደ አትክልት ከሩዝ ወይም ከሥጋ ጋር ይበስላል። መዓዛው ጭምት ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ሽታ በእርሱ መለካት ለሁለቱም አይበጅም።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው? በ1967 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ኬሚስቶች ከነጭ ትራፍል መዓዛ ውስጥ 2፣4-ዳይታያፔንቴን የተባለውን ውህድ ለይተው አሳወቁ። ይህ ውህድ በፋብሪካ በቀላሉ ይሠራል። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የትራፍል ዘይት እርሱው በወይራ ወይም በሱፍ ዘይት ውስጥ ተሟሙቶ የሚዘጋጅ ነው፤ «ጥቁር ትራፍል» የሚል ጽሑፍ ባለበት ጠርሙስ ውስጥም ብዙ ጊዜ ያለው ይኸው የነጩ ውህድ ነው። ከታች ዘቅጦ የሚታየው ቁራጭ ለዓይን የተቀመጠ ነው። የእውነተኛው ትራፍል መዓዛ በደርዘን የሚቆጠሩ ውህዶች አብረው የሚያመጡት ነው። ልዩነቱ ሙሉ ማኅሌት በመስማትና አንዱን ጽናጽል ለብቻው በመስማት መካከል እንዳለው ነው። ዘይቱ የሲሊንደር ጋዝ የሚሸታቸው ሰዎችም አልተሳሳቱም፤ ጋዙ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበትም የሰልፈር ውህድ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመንም ከዚሁ ወገን ናቸው።

በፋብሪካ መሠራቱን እንደ ነውር አላየውም። በኬክ ውስጥ የሚገባው አብዛኛው የቫኒላ መዓዛም እንዲሁ የተሠራ ነው። የሚያስቆጣኝ የጠርሙሱ ፊት በትራፍል ሥዕል አጊጦ እውነቱ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል መጻፉ ነው። ስለዚህ ገዢው ጠርሙሱን ያዙረው። ዝርዝሩ ዘይትና «አሮማ» (መዓዛ ሰጪ) ብቻ የሚል ከሆነ ትራፍል የለበትም ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ አምራች «የትራፍል የተፈጥሮ አሮማ» ብሎ ሊጽፍ የሚችለው ከመዓዛው ቢያንስ 95 በመቶው ከትራፍል የተገኘ ሲሆን ነው፤ «የተፈጥሮ አሮማ» ብቻ ከተባለ ግን ምንጩ ሌላ ሊሆን ይችላል። የሳይንስ ስሙም ይነበብ፦ ቱበር ኢንዲኩም የሚል ካለ ከእስያ የሚመጣ፣ መልኩ ጥቁሩን የሚመስል፣ መዓዛው ግን እጅግ የሳሳ ዝርያ ነው።

አጠቃቀሙን ለመረዳት ንጥር ቅቤን ማሰብ ይጠቅማል። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማውና አብሹ መዓዛቸውን ለቅቤው ሰጥተው ይጣራሉ፤ የሰጡት በስቡ ውስጥ ይቀራል። የትራፍል መዓዛም እንዲሁ ስብ ይወዳል። ልዩነታቸው እሳት ላይ ነው፦ ኮሰረት ከቅቤው ጋር ሲንተከተክ ያምርበታል፣ የትራፍል መዓዛ ግን በእንፋሎት ይበርራል። የመጀመሪያውን ጠርሙሴን የከፈትሁ ቀን መጥበሻ ላይ አፍስሼ ሽንኩርት አቁላላሁበት። ቤቱ እስከ ማግስቱ ሸተተ፤ ሳህኑ ላይ ግን ምንም አልቀረም።

ለመማር እንቁላል ይሻላል። ለሁለት ሰው አራት እንቁላል ተመትቶ በቅቤ፣ በዝግታ እሳት ይፈረፈራል፤ ገና እርጥበት ሳለው ይወርዳል። ጨው ይነሰነስና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ዘይት ዙሪያውን ይንጠባጠብበታል። አንዴ ገልበጥ ተደርጎ ክዳን ይደፋበትና አንድ ደቂቃ ይቆያል። ክዳኑ ሲነሣ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ፊት ላይ ይመጣል፤ መበላት ያለበት ያኔ ነው። ተፈጭቶ በቅቤና በወተት የላላ ድንች፣ በቅቤ የታሸ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ እንጉዳይ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ። ሁሉም ቃናቸው ለስላሳ ስለሆነ ለመዓዛው ቦታ ይለቃሉ። በርበሬ የገባበት ወጥ ወይም ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ጥብስ ላይ ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ ቲማቲምና ሎሚም ይጋፉታል። ፈንዲሻ ላይ፣ በተለይ ከትራፍል ጨው ጋር፣ በጣም ይስማማል። ከቡና ጋር በሚቀርበው ፈንዲሻ ላይ ግን አልመክርም፤ የቡናው ጭስና ዕጣኑ ባሉበት ሦስተኛ መዓዛ ሁሉንም ያደፈርሳል።

የዘይቱ መሠረት የዕፅዋት ስለሆነ ለጾም ይሆናል። ቅቤና አይብ በማይነካበት ቀን የእንጉዳይ ፓስታን ሙሉ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ጠብታ ነው። ታርቱፋታ ሲገዛ ግን ዝርዝሩ ይታይ፤ አይብ ወይም ዓሣ የሚገባበት አለ። ይህ ድቁስ በአብዛኛው ተራ እንጉዳይና ወይራ ሲሆን ትራፍሉ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከዘይቱ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሚታኘክ እንጉዳይ አለው። ጨው ለጀማሪ ከሁሉ ይቀላል፤ በቁንጥጫ ስለሚለካ እጅ አይከብድም። ቅቤው በትኩስ ሥጋ ወይም ዳቦ ላይ ይቀልጣል፤ ማሩን ጣሊያኖች ከቆየ አይብ ጋር ያቀርቡታል።

የተከፈተ ጠርሙስ ከምድጃ ርቆ፣ በጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ተከድኖ ይቀመጥ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ይለቅ። መዓዛው ይሳሳል፣ ዘይቱም ይበላሻል። ለክብር እንግዳ ተብሎ ዓመት ሙሉ የሚደበቅ ጠርሙስ እንግዳው ሲመጣ ባዶ ዘይት ሆኖ ይገኛል።

ትኩስ ትራፍል አግኝቶ በቤት ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ የሚያምረው ሰው አንድ ከባድ ነገር ይወቅ። ከአፈር የወጣ፣ አሲድ የሌለው ምግብ በዘይት ተሸፍኖ አየር ሲያጣ ቦቱሊዝም የተባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ በውስጡ ሊራባ ይችላል። መርዙ ሽታም መልክም አይለውጥም፤ ይገድላል። በነጭ ሽንኩርትና በዘይትም አደጋው ያው ነው። የተዘጋጀው በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በመደርደሪያ ላይ ፈጽሞ አይቆይም።

ለትኩሱ ትራፍል የተሻለ መላ አለ። በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ካልተሰበሩ እንቁላሎች ጋር ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ ይቀመጥና ማቀዝቀዣ ይግባ። ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጥ። የእንቁላል ቅርፊት ቀዳዳ ስላለው መዓዛው ያልፈዋል፣ አስኳሉም ስብ ስላለው ይይዘዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እንቁላሎቹ ወጥተው በቅቤ ይፈርፈሩ፤ ትራፍሉ ገና አልተነካም፣ ከጠርሙሱም አንድ ጠብታ አያስፈልግም።