ስለ ኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ «ቤተ መቅደስ» የሚለው ቃል ብዙዎቻችንን የሚወስደን ወደምናውቀው ደብር ነው። እኔም ለዓመታት ያነበብሁት እንደዚያ ነበር። ሥዕሉ ሲታረም ግን የነቢያቱም የወንጌሉም ታሪክ የበለጠ ይገባል፤ ስለዚህ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን ስሕተቶች ላንሣ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሕዝቡ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጸልይ ነበር»

አይደለም። ሕዝብ ተሰብስቦ ሕግ የሚሰማበት ቤት ምኩራብ ነው፤ እርሱም በየከተማው ነበረ። ቤተ መቅደሱ ግን የእግዚአብሔር ማደሪያ እንጂ የምእመናን አዳራሽ አልነበረም። ሕዝቡ የሚቆመው በአደባባዩ ነው፤ መሥዋዕት የሚቃጠልበት ትልቁ መሠዊያም ከሕንፃው ውጭ፣ ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ ነበር። ወደ ሕንፃው የሚገቡት ዕጣን ለማጠን፣ መቅረዙን ለማብራትና ኅብስቱን ለማኖር ተራ የደረሳቸው ካህናት ብቻ ናቸው። ሉቃስ ዘካርያስ ሲያጥን ሕዝቡ በውጭ ይጸልይ እንደነበር የጻፈው ለዚህ ነው። ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባው ደግሞ ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነው፤ እርሱም በዓመት አንድ ቀን፣ በስርየት ቀን። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ በሦስት የሚከፈለው የእኛ ቤተ ክርስቲያን የዚህን ሥርዓት መልክ ይዟል፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ምእመኑ ከደጅ አልፎ ይገባል።

በሄሮድስ ዘመን ግቢውም በደረጃ የተከፈለ ነበር፤ በመጀመሪያ አሕዛብ የሚቆሙበት፣ ቀጥሎ የሴቶች፣ ከዚያ የእስራኤል ወንዶች፣ በመጨረሻ የካህናት። ከአሕዛብ አደባባይ ወደ ውስጥ በሚያሳልፈው አጥር ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ አልፎ የተያዘ የሌላ ወገን ሰው ለሞቱ ተጠያቂ ራሱ ነው ይላል። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ በ1871 ተገኝቶ ዛሬ በኢስታንቡል ሙዚየም ይገኛል። ጳውሎስ የግሪክ ሰው ወደ መቅደስ አስገብቷል ተብሎ ሊገደል የደረሰበትን ምክንያት ይህን ጽሑፍ ካወቁ በኋላ መረዳት ቀላል ነው።

«የሰሎሞን ቤተ መቅደስ እጅግ ግዙፍ ነበር»

ርዝመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 30 ክንድ እንደነበር በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። በሜትር ርዝመቱ 30 ያህል ነው፤ ወርዱም 10 ያህል ነው። ከብዙዎቹ የዘመናችን ካቴድራሎች ያንሳል። ክብሩ በሊባኖስ ዝግባውና በወርቁ ነበር።

«ክርስቶስ ያስተማረበት ቤት ሰሎሞን የሠራው ነው»

ለዚህ ስሕተት አንዱ ምክንያት በዮሐንስ ወንጌል የምናነበው የሰሎሞን መመላለሻ የሚለው ስም ይመስለኛል። የሰሎሞን ቤት ግን በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በናቡከደነፆር ሠራዊት ተቃጥሏል። ከምርኮ የተመለሱት ዘሩባቤልና ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ሌላ ቤት ሠርተው በ515 ገደማ ፈጸሙ። ያንን ሄሮድስ በ20 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ እንደ አዲስ ማሠራት ጀመረ። አይሁድ ለክርስቶስ «አርባ ስድስት ዓመት ፈጅቷል» ያሉት ይህንኑ ሥራ ነው።

«መጋረጃው ሲቀደድ በስተጀርባው ታቦቱ ነበር»

በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ውስጥ ታቦተ ጽዮን አልነበረችም። ሮማዊው ጦር አዛዥ ፖምፔይ በ63 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ደፍሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ቅድስተ ቅዱሳኑ ባዶ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች አወሩ። የቤተ መቅደሱን ውድቀት በዓይኑ ያየው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስም በዚያ ክፍል ምንም እንዳልነበረ ጽፏል። የአይሁድ ትውፊት ሊቀ ካህናቱ ጥናውን የሚያኖርበት ሦስት ጣት ከፍታ ያለው ድንጋይ ብቻ እንደነበረ ይናገራል። በእኛ ትውፊት ደግሞ ታቦተ ጽዮን ገና በሰሎሞን ዘመን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥታለች።

«የምዕራቡ ግንብ የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ነው»

ይህ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ነው። ግንቡ ሄሮድስ ተራራውን አስፍቶ ሜዳ ለማድረግ ያሠራው የደጋፊ ግንብ ክፍል ነው፤ ሜዳው 14 ሄክታር ያህል ይሆናል። ግንቡ በጠቅላላው 488 ሜትር ሲረዝም፣ ምእመናን ፊታቸውን አስጠግተው የሚጸልዩበት 60 ሜትር ያህሉ ብቻ ነው። ከቀረው ብዙው በቤቶች ሥር ተደብቋል፤ በግንቡ አጠገብ በተቆፈረው መሿለኪያ ውስጥ 13 ሜትር ከግማሽ የሚሆን አንድ ወጥ ድንጋይ አለ። በ2011 ደግሞ ከግንቡ መሠረት ሥር ከነበረ የመንጻት ገንዳ በ17 ዓ.ም. ገደማ የተመቱ ሳንቲሞች መገኘታቸው ተገለጸ። ሄሮድስ የሞተው በ4 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለሆነ፣ ያ የግንቡ ክፍል ሲሠራ እርሱ በሕይወት አልነበረም። ይህ ከአርባ ስድስቱ ዓመት ጋር እንዴት እንደሚስማማ ሳስብ ደስ ይለኛል።

«ቤተ መቅደሱን ያፈረሱት ሙስሊሞች ናቸው»

ያቃጠለው በ70 ዓ.ም. በቲቶ የተመራው የሮማ ሠራዊት ነው። የወርቁ መቅረዝ በምርኮ ሲሄድ ሮም ባለው የቲቶ ቅስት ላይ ተቀርጾ ይታያል። ዛሬ በስፍራው ያለው፣ በወርቅ ጉልላቱ የሚታወቀው የሙስሊሞች ሕንፃ፣ የዐለቱ ጉልላት፣ የተሠራው ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ691 ገደማ ነው።

«አይሁድ ከኢየሩሳሌም ሌላ ቤተ መቅደስ ኖሯቸው አያውቅም»

ሕጉ አንድ ስፍራ ብቻ ይላል፤ ታሪኩ ግን ሌላም አለው። በግብፅ ሊዮንቶፖሊስ፣ ከኢየሩሳሌም በሸሸው በኦንያስ የተሠራው ቤት ሮማውያን እስኪዘጉት ድረስ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቷል። ልቤን የሚነካው ግን ከዚያ የሚቀድመው፣ የዓባይ ውኃ አስዋን ላይ ከብቦት በሚያልፈው ኤሌፋንቲን ደሴት የነበረው ነው። በዚያ የሰፈሩ አይሁዳውያን ወታደሮች ፋርሶች ግብፅን ከመያዛቸው ከ525 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በፊት ጀምሮ የራሳቸው ቤተ መቅደስ ነበራቸው። በ410 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የክኑም ጣዖት ካህናት ከአገረ ገዢው ጋር ተስማምተው አፈረሱት። ከሦስት ዓመት በኋላ መሪያቸው ይዳንያ ለይሁዳ አገረ ገዢ በአራማይክ የጻፈው ደብዳቤ በፓፒረስ ላይ ተርፎ ደርሶናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቅ ለብሰን እንጾማለን፣ ዘይት አንቀባም፣ ወይን አንጠጣም፣ ሚስቶቻችንም እንደ መበለት ሆነዋል ይላል። መልሱም መጣ፤ ቤቱን በቀድሞ ስፍራው እንዲሠሩ፣ የእህል ቍርባንና ዕጣን እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። የጠየቁት የሚቃጠል መሥዋዕት ግን በመልሱ ውስጥ አልተጠቀሰም።