የቲዩብ ጊታር ፔዳል ከኪት መሥራት፣ ለድሬዳዋ ሙቀትና ለድሬዳዋ ጆሮ

የቲዩብ ፕሪአምፕ ፔዳል በጊታርና በአምፕሊፋየር መሃል የሚገባ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ያጎላል፤ ሲያጎላም የራሱን ለዛ ይጨምርበታል። ሥራውን የሚሠራው ትራንዚስተር ሳይሆን አውራ ጣት የምታክል የመስታወት አምፖል ናት። ቲዩብ ትባላለች፤ ቫልቭ የሚሏትም አሉ። በአያቶቻችን ቤት የነበሩትን ትልልቅ ራዲዮኖች ያየ ሰው ያውቃታል። ራዲዮኑ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም ነበር። ቲዩቡ እስኪሞቅ ይጠበቃል።

ኪት ደግሞ ሳጥኑ፣ ቦርዱ፣ ሬዚስተሩ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው)፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) እና ቲዩቡ አንድ ላይ ታሽገው የሚመጡበት ጥቅል ነው። ገዢው ራሱ እየበየደ ይገጣጥመዋል። ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ሥራ ይስማማታል ብዬ አምናለሁ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ ዎርክሾፕ ብዙ ሰው ብረት መግጠምና መፍታት የተማረበት ቤት ነው። ዛሬም ታይዋን ሰፈር ገበያ ወጥቶ አዳፕተር፣ ገመድና መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) መሸመት የድሬ ልጅ የዘወትር ነገር ነው።

አብዛኛው ኪት የሚመጣው 12ኤኤክስ7 ከሚባለው ቲዩብ ጋር ነው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል። አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ አወጣው። ትራንዚስተር የተፈለሰፈውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ትራንዚስተሩ ራዲዮኑን ወረሰ፤ ጊታሩን ግን ከቲዩቡ ሙሉ በሙሉ መንጠቅ አልቻለም። በአንዱ መስታወት ውስጥ ሁለት ማጉያዎች አሉ። ማሞቂያው ሽቦ ካቶዱን ያግላል፤ ከካቶዱ ኤሌክትሮኖች ተነሥተው ወደ አኖዱ ይሮጣሉ። መሃል ላይ ግሪድ የሚባል ወንፊት አለ። ጊታሩ የሚገባው እዚህ ወንፊት ላይ ነው። የቦኖ ውኃ መክፈቻ አስቡ፤ በጣት ትንሽ ሲነካ ብዙ ውኃ ይለቃል። ግሪዱም እንደዚያ ነው።

ኪቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቲዩቡን በ9 ወይም በ12 ቮልት ብቻ ያሠራዋል። ርካሽና አደጋ የሌለው ነው፤ ድምፁ ግን ቶሎ ይሰባበራል፣ ጣት ጠበቅና ላላ ሲል ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ሁለተኛው 12 ቮልቱን በውስጡ ወደ 250 ቮልት ገደማ ከፍ ያደርገዋል። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ግን ይገድላል። ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። አዳፕተሩ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቮልቱን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ያንን ቮልት በሬዚስተር ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ ከዚያ በመልቲሜትር ዜሮ መድረሱን ማየት ግድ ነው። በርቶ ሲለካ ደግሞ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ሁለቱም እጅ ከነካ የኤሌክትሪኩ መንገድ በልብ በኩል ነው።

ብየዳው ከትንንሾቹ ይጀመራል። ሬዚስተሮቹን በላያቸው ባሉት የቀለም ቀለበቶች፣ በቀን ብርሃን መለየት ይሻላል። ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ማለት 1,500 ኦም ነው፤ ካቶዱ ላይ ይገባል። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቢጫ 100,000 ኦም ነው፤ አኖዱ ላይ። ማታ በደበዘዘ መብራት ቀይና ቡኒ ይመሳሰላሉ። ቀጥሎ ካፓሲተሮቹ፣ ከዚያ ሶኬቱ፣ በመጨረሻ ቲዩቡ። ሲበራ ከአንድ ደቂቃ በታች ውስጥ ብርቱካናማ ፍም ይታያል። ከቲዩቡ እግሮች እግር 1 እና እግር 6 አኖዶች ናቸው፤ ከ150 እስከ 180 ቮልት ካነበቡ ጥሩ ነው። እግር 3 እና እግር 8 ካቶዶች ናቸው፤ እዚያ 1.3 ቮልት ገደማ ይጠበቃል። ካቶዱ ላይ ዜሮ ከተነበበ ወይ ቲዩቡ አልሞቀም፣ ወይ አንድ ብየዳ አልያዘም።

ዋናው ጨዋታ ከዚህ በኋላ ነው። ኪቱ እንደመጣ የተሰናዳው ለሮክ ነው፤ ድምፁን ገፍቶ እንዲያስጮህ። የኛ ጊታር ግን ብዙ ጊዜ የክራርን ወይም የዑድን መንገድ ይከተላል። አንድ ድምፅ ይነካል፣ ይወዘወዛል፣ ለቀጣዩ ቦታ ይለቃል። ዑድም ጊታርም ይጫወት የነበረው ዓሊ ቢራ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው። እዚህ በአንድ የሠርግ ሌሊት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ይዘፈናል፤ ጊታሩ ሁሉንም ማጀብ አለበት። ባቲ የተባለውን ቅኝት ከልክ በላይ በተገፋ ቲዩብ ሲጫወቱት ሁለት ክር አንድ ላይ በተነካ ቁጥር ማንም ያልመታው ሦስተኛ ድምፅ ይወለዳል። ዜማው ይደፈርሳል። ስለዚህ ለድሬ መድረክ ማሻሻል ማለት በአብዛኛው መቀነስ ነው።

ቀላሉ መቀነሻ ቲዩቡን መቀየር ነው። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅም 100 ነው። 12ኤቲ7 ላይ 60፣ 12ኤዋይ7 ላይ 44 ገደማ፣ 12ኤዩ7 ላይ 20 ይሆናል። እግራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ካውያ (መበየጃ) አያስፈልግም፤ ነቅሎ መሰካት ነው። እኔ 12ኤዋይ7 ላይ ቀርቻለሁ። ለስላሳ ሲነካ ንጹሕ ነው፤ ጠንከር ሲሉት ብቻ ትንሽ ይሻክራል።

ሁለተኛው መንገድ የካቶዱ ካፓሲተር ነው። በ25 ማይክሮፋራድ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ እኩል ይጎላል። በ0.68 ሲተካ ወፍራሙ ይቀርና ከመካከለኛው በላይ ያለው ይወጣል፤ ጊታሩ ከቤዙ ጋር መጋፋቱን ያቆማል። ጨርሶ ቢነቀልስ? በ12ኤኤክስ7 ከሁለቱ ማጉያዎች የአንዱ ማጉላት ከ60 እጥፍ ገደማ ወደ 30 ገደማ ይወርዳል፣ ድምፁም ይሰክናል። እኔ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሜ 0.68ቱን እንደ ዘፈኑ አስገባዋለሁ፣ አወጣዋለሁ። ለትዝታ አወጣዋለሁ።

ሦስተኛው ማሻሻያ ለሙቀቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ የተዘጋ ሳጥን ራሱ ምጣድ ይሆናል። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ዓይነት ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ 85 ዲግሪ የተጻፈበትን በ105 መተካት፣ ከቲዩቡም ማራቅ ይገባል። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ይበሳ፤ ግን ጣት የማያስገባ ይሁን። አቧራው እንዳይገባም ከውስጥ ወንፊት ይለጠፍበት።

እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግራውንዱ (ከሳጥኑ ብረት ጋር የሚያያዘው የጋራ ሽቦ) ነው፣ ቀጥሎ አዳፕተሩ። የኔ የመጀመሪያ ፔዳል ሁለት ቀን ሙሉ ሲያፏጭ ሰነበተ። ጥፋቱ አንዲት ሽቦ ነበረች፤ የግሪዱ ሽቦ ቮልት ከሚያሳድገው ክፍል አጠገብ ተጋድማ ነበር። ወደ ሌላው ጥግ ሳዞራት ጸጥ አለ። አዳፕተሩ የ12 ቮልት 1 አምፔር ቢሆን ይበቃል፤ ማሞቂያው የሚወስደው 150 ሚሊአምፔር ነው። ጄነሬተር ባለበት ድንኳን ከአምፖሎቹ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ባይሰካ ይመረጣል።

ቲዩብ ያረጃል። ድምፁን ከፍ አድርጎ መስታወቱን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብሎ መታ ማድረግ ነው። ከስፒከሩ እንደ ደወል ከጮኸ ውስጡ ላልቷል። መድረክ ላይ የከበሮው ንዝረት ብቻ ያስጮኸዋል። ስለዚህ ትርፍ ቲዩብ በካልሲ ተጠቅልላ ጊታር ቦርሳው ውስጥ ትቀመጣለች።