ፉልፕሩፍ ማለት «የሞኝ ማስረጃ» አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባህር ዳር ስልክ ጥገና ነው የምሰራው፣ ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ከማሽን ጋ የመጣ ማኑዋል ላይ «ፉልፕሩፍ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «የሞኝ ማስረጃ» ብሎ ተርጉሞልኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ግን በቃሉ የሚሳሳተው እሱ ብቻ አይደለም።

«ፕሩፍ ማስረጃ ነው»
ነው፣ እዚህ ጋ ግን አይደለም። ዋተርፕሩፍ ሰዓት ስንል ውሃ አያስገባም ማለታችን ነው አይደል፣ ፉልፕሩፍም ምንም የማያውቅ ሰው ቢነካካው እንኳን የማይሳሳትበት ማለት ነው።

«የማይሰበር ነገር ነው»
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሲም ካርድህን አውጥተህ እየው፣ አንዱ ጥጉ ተቆርጧል፣ በግልባጩ እንዳታስገባው እኮ ነው፣ ካርዱ ራሱ ግን ስስ ፕላስቲክ ነው በጣትህ ታጥፈዋለህ። (እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ደግሞ እምቢ ሲለው በግድ ገፍቶ የስልኩን የውስጥ ፒን አጣሞት ይመጣል፣ እምቢ ያለህ ተሳስተሃል ሊልህ ነው ወንድሜ!)

«ፉልፕሩፍ ከሆነ ስህተት የለም»
የሚከለክለው የታሰበበትን ስህተት ብቻ ነው። ማደያ ላይ የናፍጣው ኖዝል (የመቅጃው አፍ) ወፈር ስለሚል ቤንዚን መኪና ውስጥ አይገባም፣ የቤንዚኑ ግን ቀጭን ነው ናፍጣ መኪና ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ጀሪካን ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ነው፣ አፉ ሁሉንም ይቀበላል። የአጎቴ ልጅ ጀልባ አለው፣ አንዴ ወደ ዘጌ ስንሄድ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዞ ነበርና ለቤንዚን ሞተሩ ናፍጣ አጠጣው፣ ሞተሩ ጭሱን ለቆ ለቆ ጸጥ አለ፣ እኛም ጣና መሀል ቀረን። አሁን የናፍጣው ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ «ፉልፕሩፍ አደረኩት» ይለኛል፣ ጨርቁ ግን ያስታውሳል እንጂ አይከለክልም፣ በጨለማ ቢያነሳውስ?

«ሰውን ጅል ማለት ነው»
ቃሉ ላይ ስድብ ያለበት መሆኑ እውነት ነው። ካይዘን (የጃፓኖቹን የስራ ማሻሻያ ዘዴ) የሰለጠናችሁ ፖካ ዮኬ ሲባል ሰምታችኋል፣ ስህተት መከላከያ ማለት ነው፣ ጃፓናዊው ኢንጂነር ሺጌዮ ሺንጎ መጀመሪያ ባካ ዮኬ ነበር የሚለው፣ ባካ ጅል ማለት ነው፣ በ1963 በፈረንጆች አንዷ የፋብሪካ ሰራተኛ ጅል ተባልኩ ብላ ስታለቅስበት ነው ወደ ፖካ የቀየረው፣ ፖካ ሳይታሰብ የሚፈጠር ስህተት ነው። ከዛ ቀደም ብሎ በ1961 ሁለት ትንንሽ ስፕሪንግ የሚገባበት ማብሪያ ማጥፊያ የሚገጥሙ ሰራተኞች አልፎ አልፎ አንዱን ይረሱ ነበር፣ ስራውን ስለማያውቁት አይደለም። ሺንጎ ያደረገው ምን መሰላችሁ፣ ሁለቱን ስፕሪንግ መጀመሪያ ሳህን ላይ አውጡ፣ ከዛ ግጠሙ፣ ሳህኑ ላይ አንድ ከቀረ ረስታችኋል።