ጳጉሜን የምታዛባው የጥገና ቀጠሮ

ጎንደር ላይ መብራት ሲጠፋ ፒያሳ አካባቢ ጀነሬተሮች መጮህ ይጀምራሉ። ያኔ የአንዱ ሆቴል ጀነሬተር አልነሳም ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዚያ ቀን አይደለም። ከወራት በፊት መደረግ የነበረበት ሰርቪስ ተረስቷል።

እንዳይረሳ ነው የአገልግሎት ውል የሚገባው። ውሉ የትኛው ማሽን በስንት ጊዜ ምን እንደሚደረግለት ይናገራል። የጥገና ሶፍትዌር ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ቀኑ ሲቃረብ የሥራ ትዕዛዝ በራሱ ያወጣል፤ ማሽኑ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚቀየር፣ ማን እንደሚሄድ ጭምር። ቀደም ብሎ ቢወጣ ይሻላል። ፊልትሮው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

ቀጠሮው በቀን ወይም ማሽኑ በሠራበት ሰዓት ይቆጠራል። ቴክኒሻኑ ዘይት ቀይሮ ሲጨርስ ማሽኑ እስካሁን የሠራውን ሰዓት ፊልትሮው ላይ በማርከር «1240» ብሎ ይጽፋል። ውሉ በየ250 ሰዓቱ ካለ ቀጣዩ 1490 ላይ ነው። መብራት በተደጋጋሚ በጠፋበት ወር ይህ ቶሎ ይሞላል። ቆሞ የከረመ ጀነሬተርም ግን ዘይቱ ያረጃል። ስለዚህ «250 ሰዓት ወይም 6 ወር፣ ቀድሞ የደረሰው» ብሎ መዋዋል ይበጃል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ውሉ «በወር አንዴ» ይላል፤ ሶፍትዌሩ ላይ «በየ30 ቀኑ» ተብሎ ይሞላል። አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። መስከረም 1 የተጀመረ ሥራ በየ30 ቀኑ ከሄደ 13ኛው ጳጉሜን 1 ላይ ያርፋል። ደንበኛው የተዋዋለው ግን ለ12 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መስከረም 26 ይሆንና ቀጠሮው ከነጭራሹ ከወሩ መጀመሪያ ይወጣል። በፈረንጅ ቀን «በየወሩ» ከተባለ ደግሞ 12ቱ አይጎድልም አይተርፍም፤ ቀኑ ብቻ በጥቂቱ ይንሸራተታል።

ለጎንደር ጥምቀትም አለ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ። መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፣ ሆቴሉም በእንግዳ። በእነዚያ ቀናት ሥራ እንዳይያዝ ሶፍትዌሩ ላይ መዝጋት ያስፈልጋል። የተያዘውም ወደ ታኅሣሥ ይሳብ እንጂ ወደ ኋላ አይገፋ፤ ጀነሬተሩ ይበልጥ የሚፈለገው ለበዓሉ ነውና።

ሌላው የውሉ ማብቂያ ቀን ነው። እሱም መሞላት አለበት። አለዚያ ሰኔ 30 ላይ ያለቀ ውል ሐምሌም ትዕዛዝ ያወጣል፤ ቴክኒሻኑም በዝናብ አዘዞ ድረስ ሄዶ ማንም የማይከፍለውን ፊልትሮ ይገጥማል።